አቮካዶዬ ለምን አያፈራም? እና ሌሎች የጓሮ ጥያቄዎች

ጅማ ቡና ቡና ሲል ኖሮ አሁን አቮካዶ አቮካዶ ማለት ይዟል። ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የፍራፍሬ ናቸው፤ ከየጥያቄው ጀርባ ደግሞ ምክር የሰጠ አንድ ጎረቤት አይጠፋም። እርሻ ኮሌጁ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ አጠገባችን ነው፣ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከልም ከ1967 ጀምሮ እዚሁ አለ፣ እኛ ግን ዛፍ ሲታመም መጀመሪያ የምንሮጠው መድኃኒት ሻጭ ጋ ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩ በመድኃኒት የሚፈታ አይደለም። ከችግኙ ወይም ከቦታው የጀመረ ነው። ጥያቄዎቹን ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ።

ከሰቃ ጨቆርሳ፦ «ጓሮዬ ያለው አቮካዶ ከዘር የበቀለ ነው፣ ስምንት ዓመት ሞላው። በየዓመቱ በአበባ ይሸፈንና ምንም ሳይዝ ይረግፋል። ጎረቤቴ ግንዱ ላይ ሚስማር ምታበት ይለኛል። ልምታ?»

አባባ፣ ሚስማሩን ለአጥር ያስቀምጡት። ዛፉ አልሰነፈም፣ ሰዓቱ አልገጠመለትም። የአቮካዶ አበባ ወንድም ሴትም ነው፣ ግን በአንድ ጊዜ አይደለም። አንዷ አበባ ሁለት ጊዜ ትከፈታለች፤ መጀመሪያ ሴት ሆና ትከፈትና ትዘጋለች፣ ከዚያ በማግስቱ ወንድ ሆና ትመለሳለች። ተመራማሪዎች ዛፎቹን ኤ እና ቢ ብለው ይከፍሏቸዋል። ኤ የሚባለው ጠዋት ሴት ሆኖ ይከፈታል፣ በማግስቱ ከሰዓት ወንድ ይሆናል። ቢ ደግሞ ከሰዓት ሴት፣ በማግስቱ ጠዋት ወንድ። ስለዚህ ኤ ዛፍ ጠዋት የወንድ አበባ ብናኝ ሲፈልግ ብናኙን የያዘው ቢ ዛፍ ነው፤ ከሰዓት ደግሞ በተቃራኒው። ሃስ የሚባለው ዝርያ ኤ ነው። ፉዌርቴ፣ ኤቲንገርና ቤከን ቢ ናቸው። ብቻውን የቆመ ዛፍ ጨርሶ አያፈራም ማለት አይደለም፣ ምክንያቱም አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ሰዓቱ ይዛባና ወንዱም ሴቱም የሚገናኙበት ጊዜ ይገኛል፣ ግን ይሄ በዕድል የሚሆን ነገር ነው። ንብ ከሌለ ደግሞ ሁለቱም ዓይነት ጎን ለጎን ቢቆሙ ዋጋ የለውም። አበባው በፈካበት ሰሞን ጓሮው ውስጥ የተባይ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ካለ ያስቁሙት።

ሁለተኛው ነገር ዘሩ ነው። ከዘር የበቀለ አቮካዶ እናቱን አይመስልም። ጣፋጭ በልተው ዘሩን ቢተክሉ ውሃ ውሃ የሚል ሊወጣ ይችላል፣ ለማፍራትም ከስድስት ሰባት ዓመት በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል። የተዳቀለው፣ ማለትም የሌላ ዛፍ ቅንጣቢ የተገጠመበት ችግኝ፣ ግን በሦስት በአራት ዓመት ይጀምራል። ዓለም ላይ ያለው ሃስ ሁሉ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሩዶልፍ ሃስ የሚባል ሰው ጓሮ ከበቀለች አንዲት ዛፍ የወጣ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1935 የባለቤትነት መብት አወጣባት፣ እናት ዛፏ በ2002 ሞተች፣ ልጆቿ ግን በማዳቀል እየተባዙ አሁንም እሷኑ ናቸው።

እና ምን ያድርጉ? ከስሩ አይንቀሉት። ስሩ ጠንካራ ነው፣ ያ ሀብት ነው። ግንዱን አንድ ሜትር ከፍታ ላይ ይቁረጡና አንድ ቅርንጫፍ ለመተንፈሻ ይተዉለት። ጉቶው ሲያቆጠቁጥ ሁለት ሦስት ጠንካራ ለጋ ይምረጡና ከሚያውቁት፣ ሲያፈራ ካዩት ዛፍ የእርሳስ ውፍረት ያለው ቅንጣቢ አምጥተው ያዳቅሉበት። በአንዱ ላይ ኤ፣ በሌላው ላይ ቢ ቢያደርጉ አንድ ዛፍ ላይ ሁለቱም ይኖርዎታል። የተራቆተውን ግንድ ፀሐይ እንዳያቃጥለው ኖራ ይቀቡት። እጅዎ ካልለመደ ችግኝ ጣቢያ የሚሠራ ልጅ ይጥሩ፤ እጁ የለመደ ሰው ቶሎ ይጨርሰዋል።

ከቦሳ ቂጦ፦ «የተዳቀለ ነው ተብዬ በውድ የገዛሁት አቮካዶ በክረምቱ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ከጫፍ ጀምሮ እየደረቀ ነው። ማዳበሪያ ልጨምር?»

አትጨምሪ። አንድ ጎን ላይ ትንሽ ቆፍሪና ቀጫጭኖቹን ስሮች ተመልከቺ። ነጭ መሆን ሲገባቸው ጥቁርና ተሰባሪ ከሆኑ ፋይቶፍቶራ የሚባለው የስር አበስባሽ ነው፣ በዓለም ላይ አቮካዶን በመግደል የሚታወቀው እሱ ነው። ውሃ የሚቋጥር መሬት ይወዳል፣ የጅማ ክረምት ደግሞ አመቺ ጊዜው ነው። ውሃ የሚወርድበትን ቦይ ክፈቺለት፣ ግንዱ ላይ የተቆለለ አፈር ካለ ግለጪው። ሌላ ስትተክዪ ጉድጓድ ውስጥ አትቅበሪው፣ ጉብታ ሠርተሽ ላዩ ላይ ትከዪ። የተዳቀለበት ጠባሳ ከአፈር በላይ በደንብ ይታይ። ጠባሳ ጨርሶ የሌለው ችግኝ ከሸጡልሽ ደግሞ ከዘር የበቀለ ነው፣ ገንዘብሽን ጠይቂ። ለነገሩ ሻጩን «እናት ዛፉ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ የሁላችንም ልማድ ቢሆን ብዙ ሰው ከኪሳራ ይድን ነበር።

ከፈረንጅ አራዳ፦ «ማንጎዬ ያብባል፣ ከዚያ አበባው ጠቁሮ ይረግፋል። ቅጠሉ ላይ ደግሞ ነጭ ነጠብጣብ ሞልቷል። አንድ በሽታ ነው ሁለት?»

ሁለት፤ ቦታውን ከቆጠርነው እንዲያውም ሦስት። አበባውን የሚያጠቁረው ብዙ ጊዜ አንትራክኖስ የሚባል ፈንገስ ነው፤ አበባ ላይ ዝናብ ሲመጣ ይበረታል። ነጩ ነጠብጣብ ዋይት ማንጎ ስኬል የሚሉት ተባይ ነው። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ወደ ሌላው አካባቢ ተዛምቷል። ፈሳሹን እየመጠጠ ቅጠሉን ያደርቃል፣ ፍሬው ላይ ደግሞ ገዢ የሚሸሸው ጠባሳ ይተዋል። ረጅም ማንጎ ላይ መርጫ ተሸክሞ የሚወጣ የለም፣ ቢወጣም መድኃኒቱ ተባዩ ያለበት ቦታ ሁሉ አይደርስም። ምርት ካለቀ በኋላ ዛፉን አሳጥሩት፣ መሃሉን ክፈቱለት፣ ብርሃንና ነፋስ ይግባበት፣ የተቆረጠውን እዚያው አትተዉት፣ አቃጥሉት። ከተበከለ ሰፈር ቅጠል ያለው ችግኝ አታምጡ፤ ተባዩ የሚጓዘው በእኛ መኪና ነው።

ሦስተኛው ራሷ ጅማ ናት። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ያልፋል፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ማንጎ ቆላ ይወዳል፣ ብርድ ያገኘው አበባ ብናኙ ይደክማል። ወደ ጊቤ ወይም ወደ ጎጀብ በኩል መሬት ወይም ዘመድ ካላችሁ ማንጎውን እዚያ ትከሉ። እዚህ ጓሮ ውስጥ ያለውን ለጥላው ውደዱት፣ ሲሰጥ ደግሞ ብሉ።

ከዴዶ፦ «ስድስት ፓፓያ ተከልኩ፣ አምስቱ ወንድ ሆኑብኝ። ሴቷን ችግኝ እንዴት ልለይ?»

ችግኝ ላይ በዓይን አይለይም። ወንድ ሴቱን ለይቼ እሸጣለሁ የሚልህ ሰው ካለ ሳቅበትና እለፍ። የሚታወቀው ከአራት እስከ ስድስት ወር አካባቢ ሲያብብ ነው፦ የወንዱ አበባ በረጅም ዘለላ ይንጠለጠላል፣ የሴቷ ግንዱ ላይ ተጣብቆ ከስሩ ወፈር ይላል። ስለዚህ ባንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ ትከልና ሲያብቡ ሴቷን አስቀርተህ ሌላውን ንቀል። ለአስር ሴት አንድ ወንድ ይበቃል። ሌላው መላ ዘሩን ሁለቱም ጾታ ባንድ አበባ ካለው ዛፍ መውሰድ ነው፤ ፍሬው ረዘም ይላል፣ በራሱ ብናኝ ካፈራ ደግሞ ከልጆቹ ሁለት ሦስተኛው እሱን ይመስላሉ፣ ቀሪው ሴት ነው፣ ወንድ አይወጣም። ዘሩን የሸፈነውን ሙልጭልጭ ነገር አሽተህ አጥበህ ዝራ፣ ካልሆነ መብቀል ያዘገይበታል።

ከአጋሮ አንዲት ነጋዴ እህት፦ «አቮካዶ እየሰበሰብኩ ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ። ሲደርስ ግማሹ ጠቁሯል፣ ግማሹ ደግሞ እንደ ጎማ ሆኖ ተጨማዶ ይቀራል። ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ብከራይ ይሻላል?»

መኪናው ቆይ ይድረስ። እንደ ጎማ የሆነው ሳይደርስ የተቆረጠ ነው። አቮካዶ ዛፉ ላይ አይበስልም፣ ከተቆረጠ በኋላ ነው የሚበስለው፣ ነገር ግን ለመቆረጥ መድረስ አለበት፤ ያልደረሰ ፍሬ የትም ብታስቀምጪው ይጨማደዳል እንጂ አይለሰልስም። ላቦራቶሪ ያላቸው ሥጋውን አድርቀው ይመዝናሉ፤ ለሃስ ከ100 ግራም ሥጋ ደርቆ ከ21 እስከ 23 ግራም እንዲቀር ይፈልጋሉ። አንቺ ግን አንዱን ሰንጥቀሽ የዘሩን ሽፋን ተመልከቺ፦ ነጭና ወፍራም ከሆነ ይቆይ፣ ሳስቶና ቡናማ ሆኖ ከሆነ ደርሷል። ወይም ከየዛፉ ሁለት ሁለት ቆርጠሽ ቤት አስቀምጪ፣ ሳይጨማደድ ከለሰለሰ የቀረውን ሰብስቢ።

የጠቆረው ደግሞ የተመታ ነው። ልጅ ዛፍ ላይ ወጥቶ በዱላ ሲያወርደው መሬት ላይ ያረፈው ፍሬ ያን ቀን ምንም አይመስልም። አዲስ አበባ ሲደርስ ግን ውስጡ ይናገራል። ጫፉ ላይ ከረጢት ያለው ረጅም ዘንግ ይጠቀሙ፣ አጭር እንጨቱን ፍሬው ላይ ይተዉለት፣ ምክንያቱም እንጨቱ ሲነቀል የሚቀረው ቀዳዳ የመበስበስ በር ነው። ከዛፍ ሥር ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቀሽ ላዩ ላይ ሰው የሚቀመጥበት ጭነት ከሆነማ ምንም ምርምር አያድነውም፤ የፕላስቲክ ሳጥን ግዢ። መብሰል የጀመረውንም ለይተሽ አውጪ፣ የሚያወጣው ኤትሊን የሚባል ጋዝ የቀረውን ሁሉ ያበስለዋል።

ይሄን ሁሉ ካስተካከልሽ በኋላ ስለ ማቀዝቀዣው እናውራ። ሃስ ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ላይ ይቆያል፣ ልጣጩ ስስ የሆነው ቆላማ ዝርያ ግን ከ12 በታች ሲሆን ይጎዳል፣ ማንጎና ሙዝም እንደሱ ብርድ አይወዱም፣ ስለዚህ ሁሉን በአንድ መኪና ባንድ ቅዝቃዜ መጫን ኪሳራ ነው። በጡብ ሁለት ግድግዳ ሠርቶ መሃሉን በእርጥብ አሸዋ የመሙላት ዘዴም አለ፣ ከሕንድ የመጣ ነው፣ መብራት አይፈልግም። በበጋ ይሠራል። የሚያቀዘቅዘው ውሃው ሲተን ስለሆነ ግን በሐምሌ የጅማ አየር ራሱ እርጥብ ነውና ብዙም አትጠብቂ። ርካሹ መጋዘን ዛፉ ነው፤ የደረሰ ሃስ ቅርንጫፉ ላይ ወራት ይቆያል፣ ዋጋ እስኪነሳ መጠበቅ ትችያለሽ። ስስ ልጣጩ ግን ከደረሰ ይረግፋል፣ እሱን ቶሎ ሽጪ።

ከማና፦ «የአቮካዶና የማንጎ ዘር አድርቄ ለከርሞ ላስቀምጥ?»

አይሆንም፣ ሲደርቁ ይሞታሉ። እንደ በቆሎ አይደሉም። የማንጎውን ቅርፊት አውጥታችሁ በቶሎ ትከሉ፣ የአቮካዶው ጥላ ውስጥ ጥቂት ሳምንት ይታገሣል። ሰፊው ወገን ወደታች።

ከቀርሳ፦ «ሙዜ ገና ሳይሞላ ቢጫ ይሆናል፣ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል። ጎረቤቴ እንሰቱም ታሟል። የሙዙን ልጅ ነቅዬ ሌላ ቦታ ልትከል?»

እባክዎ እንዳያደርጉት። የተናገሩት ሁሉ የአጠውልግ በሽታ ምልክት ነው፣ በባክቴሪያ የሚመጣ። እዚሁ አገራችን እንሰት ላይ እ.ኤ.አ. በ1968፣ ሙዝ ላይ በ1974 ተመዝግቧል፣ ስለዚህ የጎረቤትዎ እንሰትና የእርስዎ ሙዝ አንድ በሽታ ነው የሚጋሩት። ከታመመ ማሳ ልጅ አይወሰድም፣ ጤነኛ ቢመስልም። የታመመውን ከነስሩ ነቅለው ይቅበሩ። ገጀራውን ከአንዱ ወደ ሌላው ከመሄድዎ በፊት እሳት ያሳዩት ወይም በረኪና ውስጥ ይንከሩት። የጤነኞቹን ሐምራዊ እንቡጥ፣ የመጨረሻው ፍሬ እንደያዘ፣ በቢላ ሳይሆን በመንታ እንጨት ጠምዝዘው ይስበሩ፤ ነፍሳት በሽታውን የሚያስገቡት በዚያ ነው። አዲስ ልጅ ሲመርጡ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ጠባብ፣ ስሩ ወፍራም የሆነውን ይውሰዱ። ሰፊ ቅጠል ያለው ቀጭኑ ዓይን ቢሞላም ደካማ ነው። ለጎረቤትዎም ይንገሩ፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚያጠፋው በሽታ አይደለም።

አንድ የሆርቲካልቸር ተማሪ፦ «ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ጠቁመኝ። ቀለል ያለ ይሁን።»

ቀላል ካልክማ ጫማ ብቻ የሚፈልግ ርዕስ ልስጥህ። በየጓሮው ከዘር የበቀለው አቮካዶ እያንዳንዱ የራሱ ዝርያ ነው። ሰፈር ለሰፈር ዞረህ መዝግብ፦ በየትኛው ወር ያፈራል፣ ልጣጩ እንዴት ነው፣ ዛፉ ላይ ስንት ጊዜ ይቆያል። ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ ሄደህ አበባውን ካየህ ደግሞ ኤ ይሁን ቢ ታውቃለህ። ጥሩውን ስታገኝ ከሱ ቅንጣቢ መውሰድ ይቻላል። እነ ሃስ ካለቁ ወር የሚያፈራ አንድ ዛፍ ብታገኝ የአጋሮዋ ነጋዴ ራሷ ትፈልግሃለች። ውጤቱን ግን መደርደሪያ ላይ አትተወው፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም አንድ ገጽ አድርገህ ዛፉን ላሳየህ ሰው መልስለት።

ከሂርማታ፦ «ፍሪጅ ያስገባሁት ሙዝ ጥቁር ሆነ። ይጣል?»

ከ13 ዲግሪ በታች የልጣጩ ቀለም ይበላሻል። የበሰለ ከነበረ ውስጡ ደህና ነው፣ ላጥ አድርገሽ ብዪ። ያልበሰለ ከነበረ ግን በደንብ አይበስልልሽም፤ ሁለተኛ ጥሬውን አታስገቢ።