አንድ ፍየል ስንት ኪሎ በቆሎ ይገዛል? ከገበያ ተነስቶ የሕፃናትን ጤና ስለ መተንበይ፦ ጥያቄና መልስ

የገበያ ዋጋንና የሥርዓተ ምግብ መረጃን ጎን ለጎን እያየሁ ዓመታት ሠርቻለሁ። ጠይቁ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የገበያ ዋጋ ስለ ልጅ ጤና ምን ሊናገር ይችላል?

መልስ፦ የእህል ዋጋ ብቻውን ብዙ አይናገርም። በአርብቶ አደር አካባቢ መጀመሪያ የማየው አንድ ፍየል ስንት ኪሎ በቆሎ እንደሚገዛ ነው። ዝናብ ሲቀር ግጦሽ ይደርቃል፣ ከብቱ ይከሳል፣ ሁሉም ለመሸጥ ይወጣልና የፍየል ዋጋ ይወድቃል። የበቆሎው ደግሞ ሽቅብ ይወጣል። ኩንታል ይገዛ የነበረ ፍየል ግማሹን ብቻ ሲገዛ ቤተሰቡ በማግስቱ አይራብም። መጀመሪያ ወተትና ጥራጥሬ ከማዕዱ ይጠፋል፤ ቀጥሎ እናት ከራሷ ድርሻ ትቀንሳለች፤ ከዚያ ለእርባታ የተያዘችው ፍየል ሳትቀር ትሸጣለች። የሕፃኑ የላይኛ ክንድ ዙሪያ ልኬት ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሚወርደው፣ ማለትም የምግብ እጥረት በልጁ ላይ የሚታየው፣ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ነው። ልጆችን ማዳን የምንችለው በዚያ መካከል ነው። ከ11.5 በታች፣ ማለትም ከባድ የምግብ እጥረት ላይ፣ እስኪደርስ ከጠበቅን የቀረን ሕክምና ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የሀገሪቱ ምርት ካልቀነሰ ምን ያሰጋል?

መልስ፦ ወሎን አስታውሱ። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን እንዳሳየው፣ በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ያ ሁሉ ሕዝብ ሲያልቅ የሀገሪቱ አጠቃላይ የምግብ ምርት ያን ያህል አልወደቀም ነበር፤ የደሴ የእህል ዋጋም ብዙ አልናረም። የገበሬው አዝመራ ሲጠፋ እህል የሚገዛበት ገንዘብም አብሮ ጠፋ። ገዢ ከሌለ ዋጋ በምን ይወጣል? ስለዚህ «ዋጋው ተረጋግቷል» የሚል ሪፖርት ሲደርሰኝ ልቤ አያርፍም፤ የቀን ሠራተኛው ስንት እንደተከፈለው እጠይቃለሁ።

ጥያቄ፦ ኢኮኖሚ ሲዳከም ሞት ሁልጊዜ ይጨምራል?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይጨምርም። በአሜሪካ ሥራ አጥነት በበዛባቸው ዓመታት የመኪና አደጋና አጠቃላይ ሞት ሲቀንስ፣ ራስን ማጥፋት ግን ሲጨምር ታይቷል። በሩሲያ ደግሞ ኢኮኖሚው ሲወድቅ የወንዶች አማካይ ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ 64 ዓመት ገደማ የነበረው በ1994 ከ58 በታች ወረደ። የአንዱን ሀገር ስሌት ለሌላው ማልበስ አደገኛ ነው።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ ደቡብ ወሎ ላለችው እናቴ ገንዘብ እልካለሁ። ትንበያችሁ እኔን ይቆጥረኛል?

መልስ፦ ሊቆጥርሽ ይገባል፣ እህቴ። አንቺ የምትልኪው ገንዘብ አዝመራ ሲበላሽ አይበላሽም፤ እናትሽን ከጎረቤቶቿ የሚለያት ይህ ነው። አንቺ ሥራ ብታጪ ደግሞ ዝናቡ ጥሩ ሆኖም ቤቱ ይጎዳል። የወረዳ አማካይ ቁጥር ይህን ሁሉ ይደብቀዋል፤ እኔንም ሲያሳስበኝ የኖረው ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ፤ ኮምፒውተር የለንም። ምን ልመዝግብ?

መልስ፦ ደብተር ይበቃል። በየገበያው ቀን የአንድ ኪሎ በቆሎ፣ የመካከለኛ ፍየልና የቀን ሥራ ዋጋ ጻፊ። አጠገቡ ስንት ልጅ እንደለካሽና ስንቱ ከ12.5 በታች እንደሆነ አስፍሪ። ነሐሴን ካለፈው ዓመት ነሐሴ ጋር እንጂ ከጥር ጋር አታነጻጽሪ፤ በመኸር አብቃይ አካባቢ ክረምት ሁልጊዜም ይከብዳል።