ልጆችን ይዞ ወደ ጀርመን መሄድ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በነርስነት ጀርመን አገር ሥራ አግኝቷል። የ4 እና የ7 ዓመት ልጆች አሉን። ለእነሱ የተሻለ ኑሮ ብለን አብረን እንሂድ ወይስ እሱ ይቅደም? (እናት፣ ከጅማ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በትልልቅ ከተሞች የሚከራይ ቤት ማግኘት አስቸጋሪ በመሆኑ ባለቤትዎ ጥቂት ወራት ቢቀድሙ መልካም ነው፤ መለያየቱ ከዚያ እንዲረዝም ግን አንመክርም። ትልቁ ልጅ እንደደረሰ ትምህርት ቤት መግባቱ ግዴታ ነው። ለታናሹ የመዋያ ቦታ የማግኘት መብት በሕግ ቢደነገግም ቦታው ቶሎ ስለማይገኝ ምዝገባው ቀድሞ ይታሰብበት።

ይበልጥ የሚያሳስበን ሌላ ነው። ጅማ ውስጥ እርስዎ ገበያ ሲወጡ ልጆቹ ጎረቤት ቡና ከሚፈላበት ቤት ይቆያሉ፣ ሲርባቸውም እዚያው ይጎርሳሉ፤ እዚያ ግን ባለቤትዎ የሌሊት ተረኛ ሆነው ታናሹን ትኩሳት ቢይዘው ታላቁን የሚጠብቅልዎ ሰው አይኖርም። ስለዚህ ከጉዞው በፊት በምትሄዱበት ከተማ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን አፈላልጋችሁ ተዋወቁ። ልጆቹ ጀርመንኛ ፈጥነው መልመዳቸው ስለማይቀር እናንተ በቤት ውስጥ አማርኛውንም ሆነ አፋን ኦሮሞውን አታቋርጡባቸው። የልደት ምስክር ወረቀታቸውን ደግሞ ከወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ከአሁኑ አውጡ፤ በስም አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር አንዲት ፊደል እንኳ ብትለያይ ሳይዘገይ ይታረም።