መድኃኒቱ አይቆም፤ ሬድ ይስት ራይሱ ግን ይቅር

እህቴ፣ የጠየቅሽው እናትሽ ኮሌስትሮል የሚያወርደውን አቶርቫስታቲን እየወሰዱ ከአሜሪካ የተላከላቸውን የዓሣ ዘይት፣ ሬድ ይስት ራይስ (በቀይ እርሾ የተብላላ ሩዝ) እና ኮኪው 10 (ሰውነት ራሱም የሚሠራው ንጥረ ነገር) ቢጀምሩ፣ መድኃኒቱንም በነዚህ ቢተኩት ይሆናል ወይ ነው።

መድኃኒቱን ማቆም የለባቸውም። ሬድ ይስት ራይሱን ግን ዛሬውኑ አንሺው። በውስጡ ያለው ሞናኮሊን ኬ ሎቫስታቲን ከሚባለው መድኃኒት ጋር አንድ ነው። ከአቶርቫስታቲን ጋር ሲዋጥ ሁለት ስታቲን (ኮሌስትሮል የሚያወርድ መድኃኒት) ተደረበ ማለት ነው፤ ጡንቻ ያሳምማል፣ ሲከፋ ጡንቻው እየተጎዳ ኩላሊትን ይዞ ይወድቃል። መጠኑም ከምርት ምርት ስለሚለያይ ምን ያህል እንደዋጡ ማወቅ አይቻልም። ጀምረውት ከሆነና ጭናቸውን ወይም ትከሻቸውን ካመማቸው ወይም ሽንታቸው እንደ ሻይ ከጠቆረ ሳታሳድሪ ሐኪም ቤት ውሰጃቸው።

የዓሣ ዘይቱ ላይ ከፊት የተጻፈው 1000 ሚሊ ግራም የዘይቱ ክብደት ነው። ጀርባውን አዙሪና ኢፒኤና ዲኤችኤ (ዋናዎቹ የኦሜጋ 3 ቅባቶች) የሚሉትን ደምሪ፤ ብዙ ጊዜ 180 እና 120፣ በድምሩ 300 ብቻ ነው። ሐኪም ትራይግሊሰራይድ የሚባለውን የደም ስብ ለማውረድ የሚያዘው በቀን ወደ 4 ግራም ነው። በዚህ ካፕሱል እዚያ ለመድረስ 13 ፍሬ መዋጥ ሊኖርባቸው ነው፤ መጠኑ ሲበዛ ደግሞ የልብ ምት የመዛባት አደጋው ይጨምራል። ኤልዲኤልን፣ ማለትም መጥፎውን ኮሌስትሮል፣ አያወርድም። ችግራቸው ኤልዲኤል ከሆነ ገንዘብ ባይወጣበት ይሻላል።

ኮኪው 10 ብዙም አይጎዳም፣ ብዙም አይጠቅም። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ በአገራችን በልብ ቫልቭ ችግር የሚወስዱት ጥቂት አይደሉም። ኮኪው 10 የዋርፋሪንን ኃይል ሊያዳክም ይችላል፤ የነጭ ሽንኩርት እንክብልና የበዛ የዓሣ ዘይት ደግሞ ደም መፍሰስን ሊያባብሱ ይችላሉ። ሳያማክሩና አይኤንአር (የደም መርጋት ምርመራ) ሳይለኩ መጀመር የለም።

ወደፊት ሰው ሲመጣ ሲሊየም (በውኃ የሚያብጥ የዘር ገለባ ዱቄት) ይላክላቸው። በቀን ወደ 10 ግራም ኤልዲኤልን ከ5 እስከ 10 በመቶ ያወርዳል። በ3 ግራም ይጀምሩ፤ አለበለዚያ ሆድ ይነፋል። በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠው ወዲያው ይጠጡት፤ ውኃው ካነሰ ጉሮሮ ላይ አብጦ ያንቃል። ከሌሎች መድኃኒቶች 2 ሰዓት ይራቅ።

ቤት ያለው ተልባም በቀን 1 ወይም 2 የሾርባ ማንኪያ ጥሩ ነው። ተፈጭቶ ይሁን፤ ሙሉው ፍሬ እንደገባ ይወጣል። የተፈጨው ሲቆይ ዘይቱ ስለሚበላሽ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ ፍጪ። ከ2 ወይም 3 ወር በኋላ የኮሌስትሮል ምርመራውን አስደግሚና ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን ለሐኪሙ አሳዪ።