ስስ ጨርቅ ሥለው ጥቀርሻ ለሆነብዎት

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «የቆመች ሴት በእርሳስ ሥዬ ትከሻዋና ክንዷ ላይ ነጭ ስስ ጨርቅ ላለብሳት ሞከርኩ። ገላዋን ከጨረስኩ በኋላ በላዩ ግራጫ ደርቤ በጣቴ አሸሁት። ክንዷ የቆሸሸ እንጂ ጨርቅ የለበሰ አልመስል አለ። ምን አጠፋሁ?»

ያጠፉት ቅደም ተከተሉን ነው። ግራጫ ሲደርቡ የሚሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁሉም ይጠቁራል። ነጭ ስስ ጨርቅ ግን ከሥሩ ያለውን ጥላ ያነጣል፣ ቆዳው ላይ የሚያብረቀርቀውን ብርሃን ደግሞ ያለዝባል። በጥቁሩና በነጩ መካከል ያለው ርቀት ይጠባል ማለት ነው። ብብቷን አስቀድመው አጥብቀው ካጠቆሩት፣ ከዚያ በኋላ የሚደርቡት ሁሉ ጥቀርሻ ነው።

ስለዚህ ጥላ ከመጀመርዎ በፊት የጨርቁ ዳርቻ የት እንደሚያልፍ ይወስኑ። ክንዱን በ2ኤች፣ ማለትም በጠንካራና ፈዛዛ መስመር በሚያወጣ እርሳስ፣ በስሱ ሙሉውን ይንደፉት፤ በጨርቁ የሚሸፈነውንም ጭምር። ከጨርቁ ሥር የገባው ክንድ በሌላ በኩል ሲወጣ መስመሩ ካልገጠመ፣ ሥዕል የማያውቅ ሰው እንኳ ይታዘበዋል። ከጨርቁ ውጭ ባለው ገላ ላይ እስከ 4ቢ፣ ማለትም እስከ ለስላሳውና ጥቁሩ እርሳስ ይሂዱ፤ ከጨርቁ ሥር ግን ከመካከለኛው ከኤችቢ አይለፉ። ይህች ገደብ ብቻዋን ግማሹን ሥራ ትሠራለች።

የቀረው ግማሽ ማየት ነው፤ እኔም ብዙ ወረቀት ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው። ጨርቁ በሁሉም ቦታ እኩል አያሳይም። ቆዳውን በነካበት ቦታ፣ ለምሳሌ በትከሻ አናትና በክርን ላይ፣ ገላው ጥርት ብሎ ይታያል። ከገላው በራቀ ቁጥር የክንዱ ጠርዝ እየሟሟ ይሄዳል። በታጠፈበት ቦታ ድርብ ስለሚሆን ገላውን ይጋርዳል። ክንዱን ዞሮ ወደ ኋላ በሚሸሽበት በኩልም፣ በሰያፍ ስለምናየው ዓይናችን በብዙ ክር ውስጥ ያልፋል፤ ስለዚህ ሳይታጠፍም የታጠፈ ያህል ይደፍናል። ጨርቁን ክንድ ላይ የተለጠፈ ወረቀት የሚያስመስለው ብዙ ጊዜ የዚህ መጉደል ነው።

ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣም ይለዩ። ከፊት ከመጣ የነጭ ጨርቅ እጥፋት ይነጣል፤ ከኋላ ከመጣ ግን ያው እጥፋት ብርሃኑን ስለሚያግድ ይጠቁራል። ሁለቱን በአንድ ክንድ ላይ የቀላቀለ ሥዕል የቱንም ያህል ቢለፉበት አይቃናም።

ብርሃኑ ከፊት ከሆነ እጥፋቱን በመስመር አይሣሉት፤ በላጲስ ያውጡት። እንደ ሊጥ የሚለወሰውን ላጲስ በጣትዎ ቆንጥጠው አሹሉና ጨርቁ ከተወጠረበት ነጥብ ጀምረው ወደ ታች ይሳቡት። እጥፋቱ የክንዱ ጠርዝ ላይ ሲደርስ አይቁም፤ አቋርጦት ይለፍ። አንዱ በአንዱ ላይ እንዳለ ለዓይን የሚነግረው ይህ መሻገር ነው። ክሩን አንድ በአንድ መሣል ከንቱ ድካም ነው። ይልቅ ተቀምቅሞ የተሰፋውን ጠርዝ ከሌላው ጨርቅ ደፈን አድርገው፣ ቆዳው ላይ የሚጥላትን ቀጭን ጥላ ይጨምሩለት።

ጣትዎን ግን ከወረቀቱ ያርቁ። የጣት ወዝ እርሳሱን ወረቀቱ ላይ ያጣብቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ላጲስም በቀላሉ አያነሣውም። ማለስለስ ካስፈለገ ደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል።

ጨርቁ ጥቁር ቢሆን ኖሮ፣ ጣቱን ትተን፣ የእርስዎ ዘዴ ያስኬድ ነበር፤ ጥቁር ስስ ጨርቅ በእርግጥም ብርሃኑን ያጠቁራል፣ ጥላውን ግን ብዙም አይለውጠውም።

አሁን በእጅዎ ያለውን ሥዕል ለማዳን ላጲሱን ሳያሹ ጥላው ላይ እየጫኑ ያንሡት። ካልለቀቀልዎት ሴትዮዋን ይተዉአትና በሌላ ወረቀት ላይ ክንዷን ብቻ ከነጨርቁ እንደገና ይሣሉ።