“ሽሪምፕ ሜኑ ላይ ላስገባ?” ላለችው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ለአዲሱ ሬስቶራንትሽ ሜኑ እያዘጋጀሽ ነው። ሽሪምፕ አንድ ሰሞን በየቦታው ይሞላል፣ ቀጥሎ ድራሹ ይጠፋል። ዓለም ላይ ረከሰ ሲባል ደግሞ እኛ ጋ ይወደዳል። “ሲፉድ ላስገባ ወይስ ይቅርብኝ?” ነው ያልሽው። እኔ መጀመሪያ በሆቴል ግዢ ክፍል፣ በኋላ ደግሞ አስመጪ ቤት ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርሽ። ትንሽ ይረዝማል።

ዓለም ላይ ሽሪምፕ አልጠፋም፤ ተትረፍርፏል። አሁን ገበያ ላይ የሚገኘው አብዛኛው ቫናሜ የሚባለው ነጩ ዓይነት ነው። ከባሕር ተጠምዶ ሳይሆን በኩሬ ረብቶ ነው የሚመጣው። ኢኳዶር በ2022 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ወደ ውጭ ልካለች። ትልቁን ድርሻ የገዛችው ቻይና ናት። ህንድም ቫናሜ እንዲረባ በ2009 ከፈቀደች ወዲህ ከዋናዎቹ ላኪዎች አንዷ ሆናለች። ምርቱ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው በ2023 የዓለም ዋጋ ወረደ። በኪሳራ የሸጡ አርቢዎች ብዙ ነበሩ።

በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ዋጋ ወርዶ አላየሁም። እኛ ጋ ሽሪምፕ የሚገባው ባንክ ዶላር ሲሰጥ ነው። የጥያቄሽ መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩን ልንገርሽ። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ አስመጪው ከሻጩ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ ሰነድ) ይቀበልና ባንክ ወረፋ ይይዝ ነበር። ከፊቱ መድኃኒት፣ ነዳጅና ማዳበሪያ ነበሩ። ቅድሚያ ለእነሱ መሰጠቱ ተገቢ ነበር፣ አልከራከርም። ወረፋው እስኪደርስ ግን ፕሮፎርማው ጊዜው ያልፍበት፣ ሻጩም አዲስ ዋጋ ይጽፍ ነበር። ዶላር ሲለቀቅ ደግሞ ሁሉም አስመጪ ባንድ ሰሞን ያዝ ነበር፤ ዕቃውም ባንድ ሰሞን ይገባ ነበር። ያኔ ነው “ሞላ” የምትዪው። ቀጥሎ ሁሉም ባንድ ላይ ወረፋ ይመለስ ነበር። መደብሩ ባዶ የሚሆነው ያኔ ነበር። ይህን ዑደት ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ከባሕሩ ወቅት ጋር ምንም አያገናኘውም።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100ን አለፈ። ብዙ ሰው ሽሪምፕ በእጥፍ ይወደዳል ብሎ ፈርቶ ነበር። ያን ያህል አልዘለለም፤ ነጋዴው ቀድሞም ቢሆን ሲተምን የነበረው በትይዩ ገበያው ዋጋ ነው። አሁን ዶላር ማግኘቱ ከበፊቱ ቀለል ብሏል፣ ለዶላሩ የሚከፈለው ብር ግን በዛ።

ሌላው የኮንቴነሩ ነገር ነው። አንድ ባለ 40 ጫማ ማቀዝቀዣ ኮንቴነር እስከ 25 ቶን ገደማ ይይዛል። የእኛ ገበያ ያን ሁሉ ሽሪምፕ ቶሎ አይጨርስም። ስለዚህ አስመጪው ዱባይ ካለ ነጋዴ ሽሪምፑን ከካላማሪና ከሳልመን ጋር ቀላቅሎ ይወስዳል። ዱባይ ያለውም ትርፉን ይይዛል። ቻይና በመቶ ኮንቴነር ስታዝ ምርጡ ወደ እሷ ይሄዳል፣ እኛ የተረፈውን መጠን እንመርጣለን። ጅቡቲ ላይ ደግሞ በዚያ ሙቀት ኮንቴነሩ ሌት ተቀን መብራት ላይ ተሰክቶ ይቆያል። አንዲት ሰነድ ከዘገየች የኤሌክትሪኩም ዲመሬጁም (ኮንቴነሩ ሲዘገይ የሚከፈለው ቅጣት) ይቆጥራል። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ቀይ ባሕር ላይ መርከቦች ሲጠቁ ደግሞ ኢንሹራንሱና የማጓጓዣው ዋጋ ተጨመረበት።

አንድ የግሩፑ አባል “ከጎረቤት ለምን አናመጣም?” ብሎ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔም ልቤ የሚመኘው እሱን ነው። ግን ባሕር ያላቸው ድሃ ሀገራትም ሽሪምፓቸውን በዶላርና በዩሮ ለሚከፍል ነው የሚያወጡት። የሞዛምቢክና የማዳጋስካር ሽሪምፕ የሚሄደው በብዛት አውሮፓ ነው። በሽታም አለ። ነጭ ነጥብ የሚባለው ቫይረስ በ2011 እ.ኤ.አ. የሞዛምቢክን እርባታ መታ፣ በ2012 ማዳጋስካር ገባ። ታይላንድም በ2013 በሌላ በሽታ የምርቷን ግማሽ ያህል አጥታ የዓለም ዋጋ ጣራ ነክቷል። ምጽዋ ላይም በባሕር ውሃ የሚሠራ የሽሪምፕ እርባታ ነበር፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ቆመ። እስከ ዛሬ ያስቆጨኛል። ለእኛ ቅርብ ነበር።

የራሳችን ፍላጎትም ጠባብ ነው። ኦርቶዶክሱ እንደ ሽሪምፕ ያለውን ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር እንስሳ እንኳን በጾም በፍስክም አይበላም። ገዢው ሆቴል ነው፣ የቻይና ሬስቶራንት ነው፣ ኤምባሲ ነው። የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲደርስ ትልልቆቹ ሆቴሎች ያለውን ጠራርገው ይወስዱታል። እንደ አንቺ ያለ አነስተኛ ቤት በዚያ ሰሞን ቢደውልም የሚያነሳለት የለም። ስለዚህ ከጥር በፊት ያዢ።

አሁን ወደ ሜኑሽ። ቋሚውን የዓሣ ገጽ በነጭ ዓሣና በቆሮሶ ሙዪው። የጫሞና የጣና ዓሣ ዶላር አይጠይቅም፣ በጾምም ይሸጥልሻል። ሽሪምፕን በታተመ ሜኑ ላይ አትጻፊው። “የዛሬ” በሚል ለብቻው ወረቀት ላይ ይሁን፣ ዋጋውም ከግዢሽ ጋር ይቀያየር። ሎብስተርና ክራብን ለጊዜው እርሺያቸው። ቀኑን ሙሉ አስተማማኝ መብራት ወይም ጀነሬተር ከሌለሽ ሽሪምፑንም በካርቶን አትግዢ፣ ለሳምንት የሚበቃሽን ብቻ ውሰጂ።

ስትገዢ ፓኬቱን ጨብጪው። ፍሬዎቹ ተነጣጥለው መንኮሻኮሽ አለባቸው። አንድ ላይ ጓል ሆነው ከተጣበቁ፣ ወይም ውስጡ በረዶ ከተበተነበት፣ መንገድ ላይ ቀልጦ እንደገና የቀዘቀዘ ነው። ጭንቅላቱ አካባቢ የጠቆረውንም ተዪው።

ቁጥሩንም አጣሪ። ጭንቅላት የሌለው ላይ 31/40 ከተጻፈ በአንድ ፓውንድ ከ31 እስከ 40 ፍሬ ነው፤ በኪሎ 70 ወይም 80 ሊሆን ይችላል። ከኢኳዶር ከነጭንቅላቱ የሚመጣው ላይ 30/40 ሲጻፍ ግን በኪሎ ነው፣ ፍሬው በጣም ትልቅ ነው። ሁለቱን “ያው 30/40 ነው” ብሎ የሚሸጥልሽ አይጠፋም።

ከሁሉ በላይ የበረዶ ሽፋኑን መዝኚ። ሽሪምፕ እንዳይደርቅ በስስ በረዶ ይሸፈናል፣ ይህ ትክክለኛ አሠራር ነው። ችግሩ ሽፋኑ ሲወፍር ነው። የአንድ ኪሎ ፓኬት ማጥለያ ላይ አድርጊና በረዶው እስኪለቅ ብቻ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሺበት። ውሃው ይንጠፍጠፍና መዝኚው። 800 ግራም ከቀረሽና ፓኬቱን ለምሳሌ በ2000 ብር ከገዛሽው፣ የኪሎው ዋጋ 2500 ብር ነው። ሁለት አቅራቢ ስታወዳድሪ በዚህኛው ቁጥር ይሁን። የሳህንሽንም ዋጋ ከዚሁ ተነስተሽ አስይ።