የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በኡዶን ቤት ሰልፍ ላይ

ጥያቄ፦ ለሦስት ወር ሥልጠና ወደ ጃፓን፣ ታካማትሱ ከተማ ልሄድ ነው። እዚያ ያሉት ትንንሽ ኡዶን (ወፍራም የስንዴ ኑድል) ቤቶች ደንበኛው ራሱን በራሱ የሚያስተናግድባቸው ናቸው ይባላል። ጃፓንኛ አልችልም። ከበሩ ጀምሮ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ብትነግሩኝ?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ለኡዶን ከሆነ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይደርስዎትም። ታካማትሱ የካጋዋ ግዛት ዋና ከተማ ናት፤ የግዛቲቱ የድሮ ስም ሳኑኪ ስለሆነ ኑድሉም ሳኑኪ ኡዶን ይባላል። አካባቢው ዝናብ ስለሚያጥረው ከሩዝ ጋር ስንዴ ሲዘራበት ኖሯል። ጨውና ኢሪኮ የሚባለው ትንሽ የደረቀ ዓሣ ከባሕሩ፣ ሶይ ሶስ ደግሞ ከሾዶሺማ ደሴት ይመጣሉ።

አስቀድመው አንድ ነገር ይወቁ። ኡዶን ከድስት ከወጣ በኋላ ዕድሜው በደቂቃ ነው የሚቆጠረው። ሲነክሱት ለስልሶ ጀምሮ መሐሉ ላይ ጥርስን የሚመልሰው ጥንካሬ (እነሱ «ኮሺ» ይሉታል) ኑድሉ ውሃ እየጠጣ ሲሄድ ይጠፋል። ሰልፉ የሚፈጥነው፣ ሰው ሳያወራ በልቶ የሚነሳው፣ ብዙ ቤትም የዕለቱ ኑድል ሲያልቅ ገና በ8 ሰዓት ከቀትር በኋላ የሚዘጋው ለዚህ ነው። ስለዚህ ለምሳ ቀደም ብለው ይሂዱ።

በር ላይ ትሪ አንሥተው ይሰለፉ። ተራዎ ሲደርስ የሚናገሩት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ዓይነትና መጠን። ለመጀመሪያ ቀን «ካኬ» ይበሉ፤ በትኩስ መረቅ የሚቀርበው ተራው ኡዶን ነው። መጠኑ «ሾ» (ትንሽ)፣ «ቹ» (መካከለኛ)፣ «ዳይ» (ትልቅ) ይባላል። እንግዳ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መካከለኛው በአንዱ ቤት አንድ ተኩል የኑድል ጥቅል፣ በሌላው ሁለት ጥቅል ይሆናል። ጥቅሉን ቆጥሮ ማዘዝ አያሳስትም፦ አንድ «ሂቶታማ»፣ ሁለት «ፉታታማ»። አንድ ጥቅል ተቀቅሎ ከ200 እስከ 250 ግራም ይመዝናል፤ ከአንድ ጥብስ (ሊጥ ለብሶ በዘይት ከተጠበሰ ነገር) ጋር ምሳ ይሆናል።

ኑድሉ ቀዝቅዞ ከተሰጠዎት የማሞቁ ሥራ የእርስዎ ነው። አጠገብዎ የፈላ ውሃና እጀታ ያለው ጥልቅ ማጥለያ አለ። ኑድሉን ማጥለያው ውስጥ ገልብጠው ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ውሃው ውስጥ ያቆዩት፤ ከዚያ ካለፈ እንደገና መቀቀል ይጀምራል። ካወጡት በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ በኃይል ያራግፉት። ይህን የዘለለ ሰው መረቁ ጣዕም የለውም ብሎ ያማርራል፤ ያቀጠነው ግን ከኑድሉ ጋር ሳህኑ ውስጥ የገባው ውሃ ነው።

ቀጥሎ ጥብሱ ተደርድሯል፦ ከተፈጨ ዓሣ የሚሠራው ቱቦ መሳይ ቺኩዋ፣ ዶሮ፣ እንዲሁም ሽንኩርትና ካሮት በአንድ ላይ የተጠበሱበት ካኪያጌ። ለአንድ ሳህን አንድ ይበቃል። ከዚያ ሂሳብ ይከፍላሉ። ትንንሾቹ ቤቶች ካርድ ላይቀበሉ ስለሚችሉ ጥሬ ገንዘብ ይያዙ፤ ትንሹ ካኬ ብዙ ጊዜ ከ500 የን በታች ነው። ጉርሻ አይሰጥም።

መረቁን በብዙ ቤት ከሂሳብ በኋላ ከጋኑ ቧንቧ ራስዎ ይቀዳሉ፤ የተከተፈ የሽንኩርት ቅጠል፣ የተፈቀፈቀ ዝንጅብልና ቴንካሱ የሚባለውን የጥብስ ፍርፋሪ ይጨምሩበታል። «ቡካኬ» ያዘዘ ሰው ግን ቧንቧውን አይንካ፤ የእሱ ኑድል ጨውና ጣዕሙ የጠነከረ ጥቂት መረቅ ተደርጎበት ነው የሚሰጠው። «ካማአጌ» እንደ ሌላው በቀዝቃዛ ውሃ ሳይታጠብ ከድስቱ በቀጥታ ስለሚወጣ አዲስ እስኪቀቀል ሩብ ሰዓት ያህል ሊያስጠብቅ ይችላል፤ ለስለስም ይላል። ኮሺ ምን እንደሆነ በደንብ መቅመስ ከፈለጉ በቀዝቃዛ ውሃ የታጠበውን ኑድል በትኩስ መረቅ፣ «ሂያአትሱ» ብለው ይዘዙ። በሁሉም ቤት አይገኝም፤ ባለበት ግን አይለፉት።

ቾፕስቲኩን ምግቡ ላይ አያቁሙት፤ ለሙታን የሚቀርብ ሩዝ ላይ የሚደረግ ነው። በልተው ሲጨርሱ ዕቃውን ወደ መመለሻው መስኮት ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ጾም ላይ ብሆንስ? ዓሣም አልበላም።
አንባቢ፣ ከዋሽንግተን

መልስ፦ ኑድሉ ራሱ የጾም ነው፤ ዱቄት፣ ጨውና ውሃ ብቻ። ችግሩ ያለው መረቁ ላይ ነው፤ የሳኑኪ መረቅ ከኢሪኮ፣ ኮምቡ ከሚባል የባሕር አረምና ከተላገ የደረቀ ዓሣ ይወጣል። መልኩ የጠራ ስለሆነ ብዙ ጿሚ ይታለላል። አትክልት ጥብስም አያስተማምንም፤ ሊጡ ብዙ ጊዜ እንቁላል አለው፣ ዘይቱም ዓሣ የተጠበሰበት ሊሆን ይችላል። ቴንካሱም የዚያው ሊጥ ፍርፋሪ ስለሆነ ይተውት።

የሚቀረው «ኪጆዩ» ነው፤ ኑድሉ ላይ ሶይ ሶስ ጠብ አድርጎ ከዝንጅብልና ከሽንኩርት ቅጠል ጋር መብላት። አንዳንድ ቤት ግን በዓሣ መረቅ የተቀላቀለ ሶይ ሶስ ስለሚያቀርብ «ዳሺ ናሺ?» ብለው ይጠይቁ፤ «መረቅ የለበትም?» ማለት ነው። እቤት ደግሞ የጾም መረቅ ቀላል ነው። 10 ግራም ኮምቡና 4 የደረቀ ሺታኬ እንጉዳይ በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ ነክረው ያሳድሩ። ጠዋት በዝግታ ያሙቁትና ኮምቡውን ውሃው ከመፍላቱ በፊት ያውጡት፤ ከፈላ ይዝለገለጋል፣ ይመራልም። ከዚያ በሶይ ሶስና በጨው ያጣፍጡት።

ጥያቄ፦ መረቁ ውስጥ አልኮል ይገባል?
አንባቢ፣ ከጅዳ

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አዎ። ሚሪን የሚባል ከሩዝ የሚወጣ ጣፋጭ የአልኮል ቅመም በተለይ ለቀዝቃዛው ኡዶን ማጥቀሻ ይጨመራል። ሲፈላ አልኮሉ በከፊል ይተናል፤ ገብቷል ከሚባል ግን አያመልጥም። «ኒኩ ኡዶን» ላይ ያለው ሥጋ በዚያ አካባቢ ብዙ ጊዜ የበሬ ነው፤ የአስተራረዱን ነገር ግን ለይተው መጠየቅ አለብዎት።

ጥያቄ፦ በፉርኖ ዱቄት እቤቴ ሠርቼ 10 ደቂቃ ቀቀልኩት። ውጪው ገንፎ፣ ውስጡ ጥሬ ሊጥ ሆነብኝ። የተጠቀምኩት ውሃ 2 ሊትር ነው። ምን አጠፋሁ?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ሁለት ነገር ተደርቦብዎታል። አንደኛው ውሃው ማነሱ ነው። ኑድሉ ሲገባ 2 ሊትር ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ እንደገና እስኪፈላ ድረስ ላዩ እየሟሟ ውሃውን ያወፍረዋል። ለ500 ግራም ዱቄት ኑድል ቢያንስ 5 ሊትር ያስፈልጋል፤ ድስቱ ትንሽ ከሆነ በሁለት ዙር ይቀቅሉት። ሁለተኛው ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ የጃፓኖቹ የሰዓት ልክ ለእኛ አይበቃም። ከ15ኛው ደቂቃ ጀምሮ አንድ አንድ እያወጡ ይቁረጡት፤ መሐሉ ላይ ነጭ ነጥብ እስካለ ድረስ አልበሰለም።

ሊጡን በዚህ ልክ ይሥሩት፦ 500 ግራም ዱቄት፣ 25 ግራም ጨው፣ 230 ሚሊ ሊትር ውሃ። በማሸጊያው ላይ ፕሮቲኑ በ100 ግራም ከ8 እስከ 10 ግራም የተባለውን ዱቄት ይምረጡ፤ ከዚያ የበለጠው ሲዳመጥ እየተሰበሰበ ያስቸግራል። ጨውን ውሃው ውስጥ ፈጽሞ ያሟሙት፤ ሊጡን የሚያጠነክረው እሱ ነው። ውሃውን በሦስት ጊዜ እያፈሰሱ ዱቄቱ ፍርፋሪ እስኪመስል በጣቶችዎ ያሹት፣ ከዚያ ሰብስበው ይጠቅልሉት። ደረቅ መስሎ ስለሚታይ ውሃ ለመጨመር ያጓጓል፤ አይጨምሩ። በወፍራም ፌስታል አድርገው በንጹሕ ካልሲ ለ5 ደቂቃ ይርገጡት፣ አጥፈው ይድገሙት፤ ሦስት አራት ዙር ይበቃል። የእጅ ጉልበት እንዲህ ላለ ጠንካራ ሊጥ አይበቃምና እርግጫውን አይዝለሉት። ከዚያ ቢያንስ 2 ሰዓት ያሳርፉት። በ3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ዳምጠው የበቆሎ ስታርች ነስንሰው ያጥፉትና በ3 ሚሊ ሜትር ስፋት ይቁረጡት።

መቀቀያው ውሃ ላይ ጨው አይጨምሩ፤ ከሊጡ የሚወጣው በቂ ነው። ሲበስል ወዲያው ያጥሉትና በቀዝቃዛ ውሃ ላዩ መንሸራተቱን እስኪተው በሁለት እጅ እያሹ ይጠቡት። በትኩሱ ለመብላት ካሰቡ ደግሞ ልክ እንደ ታካማትሱዎቹ፣ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ የፈላ ውሃ ውስጥ ነክረው ያራግፉትና መረቁን ያፍስሱበት። ይህን የሚያደርጉት ግን በላተኛው ከመጣ በኋላ ብቻ ነው።