መጥፎ መፍቻ እጅ ያበላሻል

ልጆቼ፣

ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወጥታችሁ የብረታ ብረት ሥራ ልትጀምሩ ያሰባችሁ ወጣቶች እኔ ጋ ጎራ ስትሉ ጥያቄያችሁ አንድ ነው። «ጋሼ፣ ያለችኝ ብር ይቺው ናት። ምን ምን ልግዛባት?» ትላላችሁ። እዚሁ ጎንደር በርና መስኮት ስበይድ፣ የተሰበረ ስጠግን ነው ፀጉሬ የሸበተው። ቆመን የምናወራው ስለማይበቃ ተቀምጬ ልጻፍላችሁ።

ርካሽ ዕቃ ቶሎ ተሰብሮ ሁለቴ ያስገዛል የሚለውን ሁሉም ሰው ይነግራችኋል። እውነት ነው። እኔን ግን ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። መጥፎ መሣሪያ የያዘውን ልጅ እጅ ያበላሻል።

እንዴት መሰላችሁ? አንድ ለማጅ የ13 መፍቻ ይዞ ብሎን ሊፈታ ጎንበስ ይላል። የመፍቻው ብረት ለስላሳ ነው። ትንሽ ሲጫነው አፉ ይከፈትና የብሎኑን ጠርዝ ይልጠዋል። ልጁ ታዲያ «መፍቻው ነው» አይልም። አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ እንዴት ይጠረጥረዋል? «እኔ ነኝ ያላወቅሁበት» ይላል። በሚቀጥለው ጊዜ በፒንሳ ይዞ ይጠመዝዛል። እሱም እምቢ ሲለው በመሮና በመዶሻ ይመታዋል። ብዙም ሳይቆይ መምታት ልማዱ ይሆናል። በኋላ ጥሩ መፍቻ ብትሰጡትም በጉልበት ነው የሚይዘው።

ማዕዘን የምንለካበት ስኳድራም እንደዚያው ነው። 90 ዲግሪ ያልሆነ ስኳድራ የያዘ ልጅ የበሩን ፍሬም የቱንም ያህል ተጠንቅቆ ቢለካ ጠማማ ይወጣበታል። ደንበኛው ደጅ ቆሟል። ስለዚህ ክፍተቱን በብየዳ ይሞላዋል፣ በግራይንደር ይገፈዋል፣ በስቱኮ ይደፍነዋል፣ ቀለም ይቀባዋል። ይሄ ልጅ የተማረው በር መሥራት ሳይሆን መሸፈን ነው። «ሙያው አልተሰጠኝም» ብለው ጥለው የሄዱ ልጆች አውቃለሁ። አንዳንዶቹ እጃቸው በጣም ጥሩ ነበር። ያጡት ትክክለኛ ስኳድራና የማይከዳ መፍቻ ነው። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለመሆኑ ርካሹ ለምን ይሰበራል? ሁለት መፍቻ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ዓይን ላይለያቸው ይችላል። ልዩነቱ ውስጥ ነው። ጥሩው መፍቻ የጋለ ብረት ቅርጽ ውስጥ በከባድ መዶሻ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው። ብረቱም ተራ ብረት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ክሮምና ቫናዲየም ተቀላቅለውበታል። ከዚያ እሳት ይሰጠዋል። በደንብ ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል። በዚያው ከተተወ ግን ጥንካሬው ራሱ ጠላቱ ነው፤ ሲመታ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እንደገና በመጠኑ ይሞቃል።

ይህን ሁለተኛውን ሙቀት ጎበዝ ብረት ሠሪ በዓይኑ ነው የሚለካው። ተወልውሎ የጸዳ ብረት ሲሞቅ መጀመሪያ የገለባ ቀለም ይይዛል። ያ ከ220 እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከዚያ ቡናማ ይሆናል፣ ወይን ጠጅ ይሆናል፣ ወደ 300 ሲጠጋ ሰማያዊ ይሆናል። ገለባው ላይ ያቆመ ሰው ጠንካራ ስለት ያገኛል። ሰማያዊው ላይ ያቆመ ደግሞ ተጣጥፎ የሚመለስ፣ ለሞላ የሚሆን ብረት ያገኛል። መሮ በግራይንደር ስትስሉ ስለቱ ሰማያዊ እስኪሆን አትጫኑት የምላችሁም ለዚህ ነው። ውሃ አጠገባችሁ ይኑር፣ ቶሎ ቶሎ ንከሩት። አንዴ ሰማያዊ ከሆነ ያ ጫፍ ለስልሷል፤ ቢሳልም አይቆርጥም።

ይሄ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ የሚከታተል ሰው ይፈልጋል። ርካሹ ዕቃ የሚረክሰው እዚህ ላይ ነው። እሳቱ ይዘለላል፣ ወይም በጥድፊያ ያልቃል። ከላይ የሚያብረቀርቅ ልባስ ይለብስና «ክሮም ቫናዲየም» የሚል ጽሑፍ ይታተምበታል። ማተም እሳት ከመስጠት ይረክሳል።

የምንሠራውን ብረት ነክሶ የሚይዘው ሞርሳ ላይ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ብዙው ሞርሳ ጊዛ ነው፤ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ማለቴ ነው። ጊዛ አይጎብጥም፣ ይሰነጠቃል። ደህናዎቹ የድሮ ሞርሳዎችም ብዙዎቹ ጊዛ ናቸው። ግን ጉልበት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ወፍራም ናቸው፣ ሲፈስም አየር አልገባባቸውም። ርካሹ እዚያው ቦታ ላይ ይሳሳል። ሲፈስ የተፈጠረው ቀዳዳ በስቱኮ ተደፍኖ ቀለም ይቀባበታል። ሲሰበር ነው የምታዩት።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር በትክክል እንነጋገር። የድሮ ሁሉ ጥሩ ነው ብዬ አላስተምራችሁም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ገብቶ ኅዳር 1934 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ላይ እጁን እስኪሰጥ ድረስ ፒያሳን ሲሠራ ብዙ መሣሪያ አስገብቷል። አንድ ከባድ ሞርሳ ያየ ሰው ሁሉ ዛሬም «የጣሊያን ጊዜ ነው» ይላል። ይሁን። ግን በዚያ ዘመንም መጥፎ ዕቃ ነበር። የተሰበረው ተጥሏል፣ ቀልጧል። እኛ የምናየው የተረፈውን ብቻ ነው፤ የተረፈውም ጥሩ ስለነበረ ነው የተረፈው። እንዲሁም «የቻይና ነው» ብላችሁ ብቻ አትናቁ። የዛሬ ቻይና በጣም ጥሩም በጣም መጥፎም ትሠራለች። ፋብሪካው አስመጪው በከፈለው ልክ ይሠራል። እዚህ ያለው ገዢም «ቀንስልኝ» ብቻ ሲል አስመጪው የሚቀነስለትን ዕቃ ያዛል። ስለዚህ አገሩንና ዕድሜውን ትታችሁ ዕቃውን እዩ።

እንዴት ትፈትኑታላችሁ? ገበያ ስትወጡ 8 ሚሊ ብሎን ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። የብዙው ጭንቅላት 13 ነው። የ13 መፍቻውን አስገቡበትና አወዛውዙት። ከአሁኑ የሚላወስ ከሆነ ነገ ይልጠዋል። ትንሽ ሞረድ ካላችሁ ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩት። ሞረዱ በቀላሉ ከነከሰው ብረቱ ለስላሳ ነው። በግድ ብቻ ከነከሰው ወይም ካንሸራተተው እሳት አግኝቷል። ሞርሳ ሲሆን መንጋጋውን ግጠሙና ወደ ብርሃን ያዙት፤ በመሃል ብርሃን እኩል ካልጠፋ ተዉት። እስከ መጨረሻ ክፈቱና ተንቀሳቃሹን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ነቅንቁት። ስኳድራ በጣም ቀላል ነው። ቀጥ ባለ ጠርዝ ላይ አስደግፋችሁ መስመር አስምሩ፣ ገልብጡትና እዚያው ላይ ድገሙት። ሁለቱ መስመሮች ከተለያዩ ስኳድራው ውሸታም ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን ሲያደርገው የማየው ልጅ ጥቂት ነው።

ብረት በምንበሳበት ፑንታ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ገንዘብ የሚፈስሰው እዚያ ነው። «ኤች ኤስ ኤስ» የሚባለው ብረት ቱንግስተን ወይም ሞሊብዲነም የገባበት ነው። ቴይለርና ኋይት የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን አሠራሩን አውጥተው እ.ኤ.አ. በ1900 ፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ ሲያሳዩት ዓለም ተደንቋል። ስለቱ በሙቀት ደብዘዝ ያለ ቀይ እየሆነ እንኳ ብረት ይቆርጥ ነበር። እውነተኛው ፑንታ 600 ዲግሪ አካባቢም ጥንካሬውን አይለቅም። ተራው ብረት ግን ከ200 ትንሽ ሲያልፍ መለስለስ ይጀምራል። ስለዚህ «ኤች ኤስ ኤስ» ተብሎ የተጻፈበት ፑንታ የመጀመሪያውን ቱቦላሬ ስትበሱበት ጠቁሮ ከደነዘ ጽሑፉ ውሸት ሳይሆን አይቀርም። ከአንድ ሱቅ መጀመሪያ አንድ ፍሬ ብቻ ግዙ። ሞክሩት። ደህና ከሆነ ተመለሱና ደርዘኑን ውሰዱ። ዘይት ጠብ ማድረግም አትርሱ፤ በጥድፊያ የሞተ ጥሩ ፑንታም ብዙ ነው።

ግራይንደር ላይ አሮጌ አልመክርም። መከላከያው የተነቀለ፣ ገመዱ የተላጠ አሮጌ ግራይንደር ከርካሹ ይብሳል። ይህን ስጽፍ የማውቃቸው ዓይኖች ፊቴ ይመጣሉ። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ አካባቢ ይዞራል። የ115 ሚሊ ዲስክ ብዙ ጊዜ እስከ 13,300 የተፈቀደለት ስለሆነ ይችለዋል። ትልቁ የ230 ሚሊ ዲስክ ግን የተፈቀደለት 6,600 አካባቢ ነው። መከላከያውን ነቅሎ ትልቁን ዲስክ ትንሹ ማሽን ላይ የሚያስር ልጅ በራሱ ሕይወት እየተጫወተ ነው። ቁጥሩ ዲስኩ ላይ ተጽፏል። መሃሉ ላይ ያለችው የብረት ቀለበት ላይ ደግሞ የሚያበቃበት ጊዜ ታትሟል፤ ያለፈበትን አትግዙ። መነጽር አድርጉ። እባካችሁ።

ማሽኑን ስትመርጡ ለሞተሩ መብራት የሚያቀብለው ካርቦን ከውጭ በካቻቢቴ ተፈትቶ የሚቀየር መሆኑን እዩ። ኩሽኔታው ገበያ ላይ ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ። መብራታችን ይዋዥቃል። ኃይሉ ሲወርድ ማሽኑ ይደክማል፣ እኛ ደግሞ ሥራው እንዲያልቅ እንጫነዋለን፣ ሽቦው ይቃጠላል። ሽቦው መዳብ ከሆነ ሞተር የሚጠቀልል ባለሙያ ያድነዋል። እዚህ ላይ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው፤ ተፈትቶ የማይጠገን ማሽን ምንም ያህል ቢረክስ አልገዛም። ጥምቀት ሲቃረብ እንግዳ ይመጣል፣ ሆቴሉም ግለሰቡም በሩን አሁኑኑ ሥራልኝ ይላል። በዚያ ሰሞን የቆመ ማሽን ደንበኛ ይዞባችሁ ይሄዳል።

ጥገናን የናቅነው ዛሬ አይደለም። ፋሲል ቤተ መንግሥቱን ባሠራበት ዘመንም፣ ከዚያ በኋላም ድንጋይ የሚጠርብ ሰው መሮው በየጊዜው ይደንዝበታል። የሚስልለትና እሳት የሚሰጥለት ብረት ሠሪ ያስፈልገዋል። ለጎንደር ነገሥታት ከሠሩት ግንበኞች፣ አናጺዎችና ብረት ሠሪዎች መሃል ቤተ እስራኤላውያን እንደነበሩ የታሪክ ሰዎች ጽፈዋል። ከከተማው ወጣ ብሎ ወለቃ ላይ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ማረሻና ቢላ ሲሠሩ ኖረዋል። እኛ ግን ማረሻችንን እያሠራን «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» ብለን ሰደብናቸው። በጣም ያሳፍራል። ብዙዎቹ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ያ የእጅ ዕውቀት አብሯቸው ሄደ። ዛሬ ከመኪና ባሌስትራ መሮ የሚሠራ ብረት ሠሪ ካገኛችሁ አክብሩት። ባሌስትራ ጥሩ ብረት ነው። በአግባቡ እሳት ከተሰጠው ከሱቅ ከሚገዛ ርካሽ መሮ በብዙ ይሻላል። ሲሠራ ቁጭ ብላችሁ እዩ፣ ጠይቁት።

አሁን ወደ ብራችሁ ልመለስ። ሁሉንም በአንድ ቀን አትግዙ። መቶ ቁራጭ ዕቃ ያለበት ሳጥን በርካሽ ሲሸጥ ዓይን ይስባል፤ ከመቶው የምትነኩት አሥሩን ነው፣ አሥሩም አይረቡም። በየቀኑ እጃችሁ የሚነካውን ብቻ ለይታችሁ ጥሩ ግዙ። ለእኛ ሥራ ሞርሳ፣ ስኳድራ፣ ሜትር፣ ሴጌቶ፣ አንድ ደህና ሞረድ፣ የ10፣ የ13ና የ17 መፍቻ ነው። በዓመት አንዴ የምትፈልጉት ዕቃ ርካሽም ቢሆን አይጎዳም፤ ወይም ተዋሱ። የብየዳ ማሽን ከሆነ ሦስት አራት ሆናችሁ ዕቁብ ጣሉ። ዕጣው እስኪደርሳችሁ ጎረቤት ወርክሾፕ በኪራይ ሥሩ። የክፉ ማሽን ባለቤት ከመሆን የጥሩ ማሽን ተከራይ መሆን ይሻላል።

ሞርሳ አዲስ ለመግዛት ካልቻላችሁ ከአሮጌው ፈልጉ። አንድ አናጺ ወይም በያጅ ሲሞት ቤተሰቡ መሣሪያውን አያውቀውም። ቆራሌው ይመጣና በኪሎ ይወስደዋል። ዕድሜ ልክ ሊያገለግል የሚችል ሞርሳ በብረት ኪሎ ሲሄድ ሳይ ሆዴ ይላወሳል። ቀድማችሁ ድረሱ። ለቅሶው ይብቃ፣ ተዝካሩ ይለፍ፣ ከዚያ በአክብሮት ጠይቁ። ለእናቲቱ ዋጋውን በኪሎ አትንገሯቸው፤ የሚሠራ መሣሪያ መሆኑን ነግራችሁ ተገቢውን ክፈሉ። ዝገቱ አያስደንግጣችሁ። ትንንሹን ዕቃ አቼቶ ውስጥ አሳድሩት፣ በሽቦ ብሩሽ ፈትጉት፣ በደንብ አጥባችሁ አድርቁና ቶሎ ዘይት ቀቡት። የሞርሳውን ጥርስ በነጭ ጋዝ እጠቡና ግሪስ ስጡት። ስንጥቅ ካለው ግን ተዉት፤ ጊዛ ተበይዶ እንደ ድሮው ይሆናል ብሎ ማንም አያታላችሁ።

ከቤቱ ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ጥግ ላይ የተቀመጠ የብሎን ጣሳ ካለ እሱንም ለመግዛት ጠይቁ። የሞርሳው መንጋጋ ብሎኖች ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ናቸው።